ለዶሮ ወጥና ለክትፎ የሚሆን የሀገር ውስጥ ወይን፦ ከዝዋይ ወይስ ከአዋሽ?

እህቴ፣ ለእናትሽ ስልሳኛ ዓመት የሚሆን የሀገር ውስጥ ወይን ጠቁሙኝ ብለሻል። ማዕዱ ላይ ዶሮ ወጥና ክትፎ አለ፤ እናትሽ ደግሞ አፍ የሚያኮማትር ነገር አይወዱም። እስካሁን የመለሱልሽ ሁሉ «ከሁሉም ውዱን ግዢ» ነው ያሉሽ። እኔ በዚህ ምክር አንድ ፋሲካ አበላሽቻለሁ።

በዚያ ዓመት ስኳር የሌለውን፣ ደረቅ የሚባለውን ቀይ ወይን ከዶሮ ወጡ ጋር አቀረብሁ። አጎቴ አንዴ ተጎነጩና ፊታቸውን አጨማደዱ፤ ብርጭቆውንም ከትሪው ራቅ አድርገው አስቀመጡት። «ኮሶ ነው እንዴ ያጠጣኸኝ?» አሉኝ። ጥፋቱ የወይኑ አልነበረም። ቀይ ወይን ከፍሬው ቆዳና ዘር ጋር አብሮ ስለሚብላላ ታኒን የሚሉትን አፍ የሚያደርቅ ነገር ይይዛል። በርበሬ ይህንኑ ምሬት ያጎላዋል፤ አልኮሉም በቃጠሎው ላይ ተደርቦ ጉሮሮ ይለበልባል። ጥቂት ጣፋጭነት ያለው ወይን ግን ቃጠሎውን ያበርደዋል።

ስለዚህ ለዶሮ ወጡ የምጠቁምሽ አካሽያን ነው፤ ቀዩን፣ መጠነኛ ጣፋጭ የሆነውን። ከመቅረቡ በፊት ግማሽ ሰዓት ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆይ። ወይን አውቃለሁ የሚል ሰው አፍንጫውን ቢነፋብሽ እዚያው ተይው፤ በርበሬውን የሚችሉት እናትሽ ናቸው። አክሱማይትም ጣፋጭ ቀይ ነው፤ እኔ ግን ከምግብ በኋላ በትንሽ ብርጭቆ፣ ከድፎ ዳቦ ጋር እመርጠዋለሁ።

ጉደርን ወላጆቻችን ያውቁታል። እሱንም አክሱማይትንም የሚያመርተው የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1943 የተመሠረተ ነው። ጉደር ደረቅ ቀይ ነው፤ ብዙ ሰው በለስላሳ መጠጥ ቀላቅሎ ሲጠጣው ታዪያለሽ። ሌላው ይስቅባቸዋል፤ እኔ አልነቅፋቸውም። ከወጥ ጋር የጎደለውን ስኳር ራሳቸው ጨመሩበት ማለት ነው።

ወደ ክትፎው ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል። ሥጋና ቅቤ ታኒኑን ያለዝቡታል፤ ሚጥሚጣው እስካልበዛ ድረስ ደረቅ ቀይ ወይን እዚህ ላይ ቦታውን ያገኛል። ምርጫዬ የሪፍት ቫሊ ሲራ ነው፤ ሪፍት ቫሊ የምርቱ ስም ነው፣ ሲራ፣ ሜርሎና ካቤርኔ ሶቪኞ ደግሞ የወይን ፍሬው ዓይነቶች ናቸው። ሜርሎውም ለስለስ ያለ ነው፤ ካቤርኔ ሶቪኞኑን ለጥሬ ሥጋ ወዳጆች እተወዋለሁ። ሲራን የማስቀድመው በምክንያት ነው። እነዚህ ወይኖችም አካሽያም የሚመጡት ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ዝዋይ፣ ዛሬ ባቱ በምትባለው ከተማ አጠገብ ካለው የካስቴል እርሻ ነው። ችግኞቹ ከፈረንሳይ፣ ከቦርዶ ነው የመጡት። ሜርሎና ካቤርኔ የቦርዶ የቤት ልጆች ናቸው፤ ሲራ ግን በደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ ያለው የሞቃታማው የሮን ሸለቆ ተወላጅ ስለሆነ ፀሐይ አይበግረውም። የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች ገበያ ላይ የዋሉት እ.ኤ.አ. በ2014 ሲሆን ያኔ እርሻው 120 ሄክታር ያህል ነበር። ዙሪያውን ቦይ ተቆፍሮለታል፤ ለጎርፍ እንዳይመስልሽ፣ ለጉማሬና ለዘንዶ ነው!

መሬቱ አሸዋማ ስለሆነ ውኃ አይቋጥርም፤ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ በመሆኑም ቀኑ ቢሞቅ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ፍሬው ኮምጠጥ ያለ ሕይወቱን ሳያጣ የሚበስለው በዚህ ምክንያት ነው። በአውሮፓ የክረምቱ ውርጭ ተክሉን በግድ ያስተኛዋል። እዚህ እንዲህ ያለ ውርጭ ስለሌለ፣ መቼ እንደሚያርፍና መቼ እንደሚያቆጠቁጥ የሚወስነው መግረዣ የያዘው ሠራተኛ ነው።

ዓሣ ካለሽ የሪፍት ቫሊ ሻርዶኔ ወይም አዋሽ ክሪስታል፣ በደንብ ቀዝቅዞ። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፤ ነጭ ወይን ብዙም አልጠጣም።

ከምርት ስሙ ይልቅ የምትገዢበትን ሱቅ ተጠንቀቂ። አንድ ጊዜ ከሰፈሬ ሱቅ የገዛሁት ነጭ ወይን ቤት ገብቼ በብርጭቆ ስቀዳው ሻይ መስሏል፤ ሽታውም ወደ ኮምጣጤ ያደላ ነበር። በማግሥቱ ሳልፍ አየሁ፤ ጠርሙሶቹ መስኮቱ ላይ ለጌጥ ተደርድረው የከሰዓት ፀሐይ ይመታቸዋል። ስለዚህ ከመስኮት አታንሺ፤ ከኋላ መደርደሪያ ይምጣልሽ። ቡሹ ከጠርሙሱ አፍ ከፍ ብሎ ካየሽም መልሺው፤ ብዙ ጊዜ ሙቀት ገፍቶት ነው።

አንድ ጠርሙስ አምስት ብርጭቆ ይወጣዋል። ለሃያ እንግዳ ስምንት አካሽያና አራት ሲራ ይበቃል። ጠጅም የምታቀርቢ ከሆነ ግን አካሽያውን ወደ አራት አውርጂው፤ እናቶች መጀመሪያ የሚያነሡት ብርሌውን ነው።