«ይለመዳል» ለምትሉን

የጉለሌው አምቡላንስ፦ ትናንት እዚሁ አንድ ሰው «እሳት አደጋ ሠራተኛ ሬሳ አይቶ እንቅልፍ ካጣ ሥራውን ይልቀቅ፣ ሁሉም ይለመዳል» ብሎ ጻፈ። ስንቱ ደግሞ ላይክ አደረገለት። መጋቢት 2 ቀን 2009 ቆሼ ሲደረመስ ከመቶ በላይ ሰው አልቋል። የሚተነፍስ ይገኛል እየተባለ ቀን ከሌት ተቆፈረ፤ የሚወጣው ግን አስከሬን ነበር። ሕፃናትም ነበሩበት። ይኼ ነው የሚለመደው?

ጋሽ ዳምጤ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም እለዋለሁ። በኛ ጊዜ ከፍም ውስጥ ሰው አውጥተን፣ እጃችንን ታጥበን እራታችንን እንበላ ነበር። አማኑኤል የሄደ የለም።

ሲስተር ሄለን፦ ጋሼ፣ ያልሄዱት እኮ «አበደ» እንዳይባሉ ነው። ስንቱ ባልደረባዎ አረቄ ቤት ቀረ? ድንገተኛ ክፍል ስሠራ የማውቀው ሹፌር ነበር። በሽተኛውን አውርዶ ሲያበቃ የአምቡላንሱን ወለል ያጥባል። ደሙ ከለቀቀ ቆይቷል፣ እሱ ግን ይፈትጋል። ሐኪም ይይህ ብለን ስንለምነው «ቁልፉን ይቀሙኛል» አለን።

ጋሽ ዳምጤ፦ ይቀሙት እንጂ! ናላው የዞረ ሰው በሽተኛ ጭኖ ይንዳ ነው የምትይኝ ልጄ?

የጉለሌው አምቡላንስ፦ ይኸው፣ ሰው የሚደብቀው ለዚህ ነው! ደብቆ ከሚነዳ ታክሞ ቢነዳ አይሻልም? ደግሞስ የሚለመድ ከሆነ ናላው ለምን ዞረ?

ኤልሳ ከሜሪላንድ፦ እዚህም ድሮ እንደዚያው ነበር። መንትዮቹ ሕንፃዎች ሲፈርሱ የደረሱት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ግን ለሳንባቸውም ለጭንቀታቸውም እስከ ዛሬ በመንግሥት ወጪ ይታከማሉ። እንደ ፈረንጆቹ በ2022 ደግሞ ከሥራው በደረሰበት ጉዳት ራሱን ላጠፋ ሠራተኛ ቤተሰብ ካሳ የሚፈቅድ ሕግ ወጥቷል።

የመርካቶ ልጅ፦ ኤልሳ፣ አሜሪካን ተይልን። ጥቅምት 2017 ሸማ ተራ ሲቃጠል መኪናው መግቢያ አጥቶ ነበር። መጀመሪያ መንገድ፣ መኪና፣ ደሞዝ!

ወለተ ሥላሴ፦ ጸበልስ? እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ስንቱ ድኗል።

ሲስተር ሄለን፦ ይጠመቅ እህቴ፣ ክኒኑን ብቻ አያቋርጥ። የመርካቶ ልጅ፣ መኪናውን የሚነዳው ሰው እኮ ነው። የቢሾፍቱው አውሮፕላን ሲከሰከስ 157 ሰው ነው ያለቀው። ከዚያ አፈር ውስጥ የሰው አካል የለቀመ ልጅ አውቃለሁ። እንዴት ነህ ብሎ የጠየቀው አለቃ የለም።

ጋሽ ዳምጤ፦ ጎፋ ሐምሌ 2016 መሬቱ ሲንሸራተት ለእርዳታ የሮጡትም ተቀብረዋል። የተረፉት ገበሬዎች አማኑኤል አልሄዱም። አልቅሰው ወጣላቸው። ሰው የሚድነው እንደዚያ ነው።

የጉለሌው አምቡላንስ፦ ጋሼ፣ እሱን ነው የምለው! ገበሬው ድንኳን አለው፣ እድር አለው፣ አብሮት የሚያለቅስ አለው። እኔ ስሙን ለማላውቀው ሕፃን የማን ለቅሶ ላይ ልቀመጥ? ከአደጋው ስመለስ ሌላ ስልክ ይጠብቀኛል። ቤት ገብቼ ለሚስቴ ብነግራት እሷም እንቅልፍ ታጣለች።

ጋሽ ዳምጤ፦ ለቅሶውን አልከለከልኩም። ሹፌሩ ግን ከመሪው ይነሳ።

የጉለሌው አምቡላንስ፦ እስኪሻለው ይነሳ። ደሞዙ አይነካ፣ ሲድን ቁልፉ ይመለስለት። ይህን በጽሑፍ የሚሰጠን አለቃ ካለ ነገ ጠዋት ተሰልፈን እንታከማለን።

የመርካቶ ልጅ፦ በጀቱስ ከየት ይመጣል?

ጋሽ ዳምጤ፦ ሲድን ይመለስለት ማለት ቀላል ነው። መዳኑን ማን ይፈርምለታል?