የአባቴ የአንገት ደም ሥር 70 በመቶ ጠቧል ተባለ፤ ስትሮክ ምን ያህል ያሰጋቸዋል?

የኮምቦልቻዋ
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ 66 ዓመታቸው ነው፤ ሐይቅ ነው የሚኖሩት። ደም ግፊት አለባቸው፤ መድኃኒቱን ሲሻላቸው ይተዉታል፣ ሲብስባቸው ይጀምሩታል። ሲጋራ ካቆሙ 4 ዓመት ሆናቸው። ከተቀመጡበት ሲነሱ እያዞራቸው ስለተቸገርን ትናንት ደሴ ወስጄ የደም ፍሰትን በሚያሳየው ዶፕለር አልትራሳውንድ አንገታቸውን አሳየሁ። ወረቀቱ በቀኝ 70፣ በግራ 40 በመቶ ጠቧል ይላል። አስፒሪንና የኮሌስትሮል መድኃኒቱ አቶርቫስታቲን ታዘዘላቸውና በወሩ ተመለሱ ተባልን። ከመቶ 70 ስትሮክ ይመታቸዋል ማለት ነው? እንቅልፍ አጣሁ።

ጦሳ ሥር
አብሽሪ እህቴ! 70 የቧንቧው ጥበት ነው እንጂ የስትሮኩ ዕድል አይደለም። እናቴም 65 በመቶ ጠቧል ከተባሉ 6 ዓመት ሆናቸው። ዛሬም ሰኞ ገበያ ወርደው በርበሬ ተከራክረው ይገዛሉ። መድኃኒቱን ብቻ ያስውጧቸው።

አቦል
አንገታቸውን በለጋ ቅቤ አሽተሽ አሙቂላቸው፣ ደሙ ይከፈታል።

ነርሷ
ኧረ በፈጣሪ አንገት እንዳታሺ! ግድግዳው ላይ የተጋገረው ስብ ፍርፋሪው ቢላቀቅ መንገዱ ቀጥታ ወደ አንጎል ነው።

የውስጥ ደዌ ሐኪም
የነርሷን ምክር ስሚ። ቁጥሩን ለጊዜው ተይውና አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ባለፉት 6 ወራት ግራ እጃቸው ወይም ግራ እግራቸው ደንዝዞ፣ አፋቸው ጠመም ብሎ፣ ወይም ቀኝ ዓይናቸው መጋረጃ እንደወረደበት ጨልሞ ተመልሶ ያውቃል? የቀኙ ደም ሥር የሚመግበው ቀኝ ዓይንንና የግራውን አካል የሚያዘውን የአንጎል ክፍል ስለሆነ ነው በጎን ለይቼ የምጠይቅሽ። ሲነሱ ማዞሩን ብቻውን ከዚህ ጋር አላያይዘውም፤ የግፊት ኪኒንም ያመጣዋል።

የኮምቦልቻዋ
ዶክተር፣ አሁን ደውዬ እናቴን ጠየቅኋት። ያለፈው ሳምንት ሰኞ ቡና ላይ ሲኒው ከግራ እጃቸው ወድቆ ተሰበረ። ሊያነሱት ቢሉ ጣታቸው አልታዘዝ አለ። አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ ተመለሰ፤ «ተጫጭኖኝ ነው» ብለው ዝም። ዛሬ 9ኛ ቀኑ ነው። ለሐኪሙ ማንም አልነገረውም።

የውስጥ ደዌ ሐኪም
እንግዲያው ወር አትጠብቂ። ያ አላፊ ስትሮክ ሊሆን ይችላል። ምልክት ሳያሳይ የጠበበና ምልክት ያሳየ ደም ሥር አንድ አይደሉም። በ1991 እ.ኤ.አ. በወጣው የሰሜን አሜሪካ ጥናት፣ ምልክት አሳይቶ ከ70 እስከ 99 በመቶ የጠበበባቸው ሰዎች በመድኃኒት ብቻ ሲቆዩ በ2 ዓመት ውስጥ በዚያው ወገን ስትሮክ የመታቸው 26 በመቶ ነበሩ፤ ደም ሥሩ በቀዶ ሕክምና የተጠረገላቸው 9 በመቶ። ምልክት የሌለው ግን፣ እንደ ጦሳ ሥር እናት ያለው፣ በዛሬ መድኃኒት በዓመት ከመቶ 1 አካባቢ ነው።

ቀዶ ሕክምናው የሚጠቅመው ይበልጡን ምልክቱ ከታየ በ2 ሳምንት ውስጥ ሲሠራ ነው፤ ራሱም ስትሮክ ሊያስከትል ስለሚችል ልምድ ያለው ሐኪም ይፈልጋል። ነገ ጠዋት ሪፈራል ሆስፒታል ውሰጃቸው። የሲኒውን ነገር በመጀመሪያ ተናገሪ። የአንጎል ሲቲ ስካንና የልብ ምርመራው ኢሲጂ ይታይ፤ የልብ ምት መዛባትም የረጋ ደም ወደ አንጎል ይልካል። ዶፕለሩ ላይ የደሙን ፍጥነት እዪ፦ ከ230 ሴንቲ ሜትር በሰከንድ በላይ ከሆነ 70ውን ይደግፋል። የታዘዘውን መድኃኒት አያቋርጡ።

ምልክቱ ዳግም ከመጣ ግን ለአዲስ አበባ መኪና አትፈልጊ፤ ሲቲ ያለበት ቅርቡ ሆስፒታል ይድረሱ። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ጊዜ ውስጥ ነው። ያኔ አንጎል ውስጥ መድማት አለመኖሩ ሳይታይ ተጨማሪ አስፒሪን እንዳትሰጪ።

ጦሳ ሥር
እኔማ ጠብቂ ልላት ነበር። እህቴ፣ እናትሽንም ይዘሻት ሂጂ፤ አባትሽ እዚያ ደርሰው «ምንም አልሆንኩም» ማለታቸው አይቀርም።

የኮምቦልቻዋ
ከወዲሁ ብለውኛል። ማልጄ ሐይቅ እሄዳለሁ፣ እናቴም አብራን ትመጣለች። ወረቀቱ ላይ የደሙ ፍጥነት 248 ይላል።