ፊደል ያነበንባሉ፣ ነጥዬ ስጠይቅ ግን ይጠፋቸዋል

ጥያቄ፦ ጎንደር፣ አንደኛ ክፍል፣ ሦስት ሴክሽን ነን። ተማሪዎቹ «ሀ ሁ ሂ»ን ያንበለብሉታል፤ «ሂ»ን ለብቻው ሳሳይ ግን ከ«ሀ» ጀምረው ይቆጥራሉ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ዜማው ያስያዛቸው ተራውን እንጂ ቅርጹን አይደለም። በየካርዱ አንድ ፊደል ጽፈው፣ በውዘው ያሳዩ። 33 ፊደል ሲባዛ በ7 ቅርጽ፣ 231 ካርድ ነው፤ ለአንድ መምህር ይከብዳል፣ ለሦስት ሲካፈል ግን 77 ብቻ። ከካርቶን ቆርጣችሁ በየሳምንቱ ተለዋወጡ። ጀርባው ላይ ቁጥር ይኑር፣ አለዚያ የጎደለው አይታወቅም።

ሌላ መልስ፦ መምህርት፣ ከካዕብና ከሣልስ (ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ቅርጽ፣ እንደ «ሁ»ና «ሂ») ይጀምሩ። የካዕብ ጭረት ከወገብ፣ የሣልስ ከእግር ይወጣል (ሩና ፉ አመለኞች ናቸው!)። ሳድስ (ስድስተኛው) ወጥ ስላልሆነ ይቆይ። «ሰ»ንና «ሸ»ን ደግሞ በአንድ ቀን አያስተምሩ፤ ይምታታባቸዋል።

ጠያቂዋ፦ ሞክሼዎቹስ፣ «ሀ»፣ «ሐ»፣ «ኀ»?

መልስ፦ መጀመሪያ አንዱን ብቻ። ሌሎቹን ቃል ማንበብ ሲጀምሩ፣ ከነቃላቸው።