አውሮፕላኑ መግባቱ ብቻ አይበቃም፦ የግዙፎቹ ሃንጋር ቦሌ ይሠራ ወይስ ቢሾፍቱ?

የስታዲየም ሠፈር፦
ሰላም ቤተሰብ። ቅዳሜ ስታዲየም ጀርባ ቡና ላይ የጀመርነውን ክርክር እዚህ እንቀጥለው። ያልነበራችሁም ግቡበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አየር መንገዳችን በ2016 ዓ.ም. ስምንት ቦይንግ 777-9 አዟል። 12 ተጨማሪ የመግዛት አማራጭም ይዟል። በሌላ በኩል ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ላይ አዲሱ ኤርፖርት እየተሠራ ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ በዓመት 60 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ታስቧል። ታዲያ ለእንዲህ ያሉ ግዙፍ አውሮፕላኖች የከባድ ጥገና ሃንጋር፣ ማለትም አውሮፕላኑ ገብቶ የሚሠራበት አዳራሽ፣ የት ይሠራ?

እኔ ቦሌ ላይ አይሠራ ባይ ነኝ። ቦሌን ከተማው ዙሪያውን ይዞታል። ቢሾፍቱ እስኪደርስ ባለው እንብቃቃ። ትልቅ አውሮፕላን በዘዴ ካስገቡት ጠባብ ሃንጋርም ይገባል። አፍንጫና ክንፉን አስገብተው ጅራቱን ውጭ የሚተዉ በየአገሩ አሉ። ለጥቂት ዓመት ብለን ያን ያህል ገንዘብ ለምን እናፈሳለን?

የፒያሳው፦
አልስማማም። ጥገና ማለት ሃንጋር ብቻ መሰለህ? የሞተር ወርክሾፑ፣ የመለዋወጫ መጋዘኑ፣ ማሠልጠኛው ሁሉ ቦሌ ነው። ቦይንግ 767 አውሮፕላንን ከመንገደኛ ወደ ጭነት ለመቀየር ከእስራኤል ኩባንያ ጋር የተዋዋልነውም እዚሁ እንዲሠራ ነው። ሃንጋሩን ብቻ ነቅለህ ቢሾፍቱ ስትተክለው፣ አንድ ዕቃ በጎደለ ቁጥር መኪና 40 ኪሎ ሜትር ልትልክ ነው? ሥራው ባለበት ቦታ ይስፋ። ቦሌ ይሠራ።

ጡረተኛው መካኒክ፦
ልጆቼ፣ ዕድሜዬን በሙሉ አውሮፕላን ሥር ነው የኖርኩት። የስታዲየሙ ልጄ «ይገባል» ያልከው ቃል ነው ዛሬ ያስጻፈኝ።

መግባት ሌላ፣ መሠራት ሌላ። 777-9 ርዝመቱ 76.7 ሜትር ነው። የጅራቱ ጫፍ ከመሬት ከ19 ሜትር በላይ ነው፤ ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ በለው። ክንፉ ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ 71.75 ሜትር ይሆናል። ለዓለም አቀፍ ጨዋታ የሚሆን የኳስ ሜዳ ወርዱ 68 ሜትር ነው። እንግዲህ ሜዳው ላይ ብታቆመው የክንፉ ጫፎች ከመስመር ይወጣሉ።

ቦይንግ ይሄን አስቦ የክንፉን ጫፍ ታጣፊ አድርጎታል። በየጎኑ ሦስት ሜትር ተኩል ገደማ ወደ ላይ ይታጠፍና ስፋቱ 64.85 ሜትር ላይ ይወርዳል። ቁጥሩ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ኤርፖርቶች አውሮፕላንን በክንፍ ስፋት ይመድባሉ፤ «ኢ» የሚባለው ምድብ ከ65 ሜትር በታች ነው። ከዚያ ካለፈ ብዙ ማቆሚያ አይቀበለውም። ስለዚህ ክንፉን አጥፎ በሩን ያልፋል። ውስጥ ከገባ በኋላስ? ማጠፊያው ራሱ መፈተሽ አለበት። ሳትዘረጋው እንዴት አድርገህ ትፈትሸዋለህ?

ቁመቱም እንዲሁ ነው። የጎማውን ማጠፊያ ለመሞከር አውሮፕላኑን በክሪክ ታነሳዋለህ። ጎማው መሬት ሲለቅ ጅራቱም አብሮ ይነሳል። በር ላይ የለካኸው ቁመት ያኔ አይጠቅምህም። ከጅራቱ በላይ ደግሞ ክሬን አለ፣ መብራት አለ፣ የእሳት መከላከያው ቧንቧ አለ። ክንፍ ሥር መወጣጫ ይቆማል፣ መኪና ይዞራል፣ ሰው ዕቃ ተሸክሞ ያልፋል።

ዘዴ የለም አላልኩም። በሩ አጭር ከሆነ ከፊት በኩል አፍንጫውን ከፍ ታደርጋለህ። አውሮፕላኑ በኋላ ጎማው ላይ ያዘነብላል፤ ጅራቱ እንደ ሚዛን ዝቅ ይላል። እኔም ሠርቼዋለሁ። ግን በዘዴ የገባ በዘዴ መውጣትም አለበት። በሄደና በመጣ ቁጥር ሁለቴ ትጨነቃለህ።

አንድ ሌሊት ልንገራችሁ። ውጭ አገር ነው፤ የድርጅቱን ስም አልጠራም። ትልቅ አውሮፕላን ወደ ጠባብ ሃንጋር እናስገባለን። በሁለቱ ክንፎች ሥር አንዳንድ ሰው፣ ጅራቱ ጋ አንድ፣ ሁላችንም ፊሽካ አፋችን ላይ። ጎታቹ መኪና በሰው እርምጃ ነው የሚሄደው። ወለሉ ላይ ቢጫ መስመር አለ፤ የፊት ጎማው ከሱ ንቅንቅ ማለት የለበትም። ጅራቱ ጋ ያለው ልጅ ፊሽካውን ነፋ። ሹፌሩ ወዲያው ያዘ። ያን ያህል ክብደት ግን ወዲያው አይቆምም። የጅራቱ ጠርዝ የበሩን ብረት ነካ። ድምፁ ማንኪያ ስኒ ሲነካ ያህል ነው። በዚያች ድምፅ አውሮፕላኑ ሳምንታት ቆመ። ልጁ ግድግዳ ተደግፎ አለቀሰ፤ ጥፋቱ የሱ አልነበረም። ጥፋቱ ቦታው ጠባብ መሆኑን እያወቁ «ይገባል» ያሉት ሰዎች ነው።

የስታዲየም ሠፈር፦
ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። ቁጥሩን በሩ ላይ ብቻ ነበር ያሰብኩት። ግን እርስዎ የነገሩን ነገር የኔን ሐሳብ አያጠናክርም? ቦሌ ጠባብ ከሆነ ሰፊውን ቢሾፍቱ እንሥራው ነው የምለው።

ሲቪሉ፦
እኔ ሕንፃ ነው የምሠራው፤ ስለ ጣሪያው ብቻ ልናገር። ሃንጋር መሀሉ ላይ ምሰሶ የለውም። 80 ሜትር ጣሪያ በሁለት ጠርዝ ብቻ ሲያዝ ብረቱ ላይ የሚመጣው ጫና ቀላል እንዳይመስላችሁ። ስፋቱን እጥፍ ስታደርገው፣ በየሜትሩ ያለው ጭነት ያው ቢሆን እንኳ፣ ጣሪያውን ሊያጎብጥ የሚሞክረው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የካፕሪያታው፣ ማለትም ጣሪያውን የሚሸከመው ብረት፣ ጥልቀት ይጨምራል፤ ሕንፃውም ይረዝማል። በሩም ሌላ ሕንፃ በሉት፤ ንፋስ ሲገፋው እንዳይጎብጥ ብቻ ብዙ ብረት ይበላል። እንዲህ ያለ ነገር ለአምስት ዓመት ተብሎ አይሠራም። እኔም ቢሾፍቱ ነኝ።

ልደታዊት፦
እኔ ደግሞ አገሩን ላስታውሳችሁ። አየር መንገዱ በ1938 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በሲ-47 ነበር። የክንፉ ስፋት 29 ሜትር ነው። ልደታ ላይ ያርፍ ነበር፤ ዛሬም ከኛ ሠፈር አለፍ ብሎ ያለውን «አሮጌ ኤርፖርት» ነው የምንለው። በ1955 ዓ.ም. ጄት ሲመጣ የልደታው ሜዳ አልበቃም፤ ቦሌ ተተካ። ያኔ ቦሌ ከከተማ ውጭ ነበር። አሁን ሕንፃው አጥሩ ድረስ መጥቷል።

እናም እኔን የሚያስጨንቀኝ ቦሌ ወይስ ቢሾፍቱ የሚለው አይደለም። የዛሬውን አውሮፕላን ለክተን ለዛሬው ብቻ እንዳንሠራ ነው። አቡሴራ ላይ ከመሬታቸው የሚነሱ ገበሬዎች አሉ። ከሠፈር መነሳት ምን እንደሆነ መሀል ከተማ ላደግን ሰዎች ማንም አይነግረንም። መሬቱ አንዴ ከተወሰደ በደንብ ይሠራበት። ከ20 ዓመት በኋላ «ጠበበን» ተብሎ ሌላ ገበሬ አይነሳ።

የፒያሳው፦
የልደታዊት ሐሳብ ልቤን ነክቶታል። አሁንም ግን ቦሌን አትርሱ እላለሁ። አንድ ነገር አስታውሱ። በ2005 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ለንደን ሂትሮው ኤርፖርት የቆመ የኛ ቦይንግ 787 ጣሪያው ላይ እሳት ተነሳ። ምክንያቱ የአደጋ ጊዜ ምልክት መስጫው የሊቲየም ባትሪ ነበር። አውሮፕላኑ ከተገዛ ዓመት እንኳ አልሞላውም። እዚያው ተጠግኖ በ2006 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወደ ሥራ ተመለሰ። የዚህ አውሮፕላን አካል ካርቦን ፋይበር ነው። ሲጠገን ሙጫውና የካርቦኑ ጨርቅ ሲለጠፍ ሙቀትና እርጥበት በልክ መያዝ አለበት። እንዲህ ያለው ነገር ነገ ቦሌ ላይ ቢደርስስ? ጅራቱ ውጭ ባለ አውሮፕላን ላይ በሐምሌ ዝናብ ልትለጥፍ ነው? አደጋ ቢሾፍቱ እስኪያልቅ አይጠብቅም።

ሲቪሉ፦
ይሄ ጥሩ ነጥብ ነው፤ እውነቱን ልንገርህ አላሰብኩትም ነበር። ግን የታቀደውን ጥገናና ያልታቀደውን እንለይ። ቦይንግ 777-9ን ማስረከብ የሚጀምረው በ2027 እ.ኤ.አ. ነው ብሏል፤ ከዚህ በፊትም ብዙ ጊዜ ዘግይቷል። ከባዱ የመዋቅር ፍተሻ የሚመጣው አውሮፕላኑ ብዙ ዓመት ከበረረ በኋላ ነው። ቢሾፍቱ በ2030 እ.ኤ.አ. እንዲደርስ ነው የታቀደው። ትንሽ እንኳ ቢዘገይ ለከባዱ ሥራ ጊዜ አለን።

የማታ ፈረቃ፦
ሁላችሁም ስለ አውሮፕላኑ ስፋት ታወራላችሁ። ሰውየውስ? ባለቤቴ ቴክኒሻን ነው። ማታ ገብቶ ጠዋት ይወጣል። ሲመለስ እጁ ላይ የዘይት ሽታ አለ፤ ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሶ ነው የሚተኛው። አሁን የምንኖረው ከቦሌ ሃያ ደቂቃ ነው። ሃንጋሩ 40 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የሱ እንቅልፍ ከየት ይቆረጣል? እንቅልፍ ያጣ ሰው ክንፍ ሥር ፊሽካ ይዞ እንዲቆም ትፈልጋላችሁ? ቢሾፍቱ ይሁን፣ አልቃወምም። ግን ሃንጋሩ ሲታቀድ የሠራተኛው ቤት፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት፣ የሌሊት ሰርቪሱ አብሮ ይታቀድ። መጀመሪያ ሃንጋሩ፣ ሰው በኋላ ከተባለ ጥሩ ጥሩዎቹ ሌላ አገር ይሄዳሉ። ከጓደኞቹ የሄዱ አሉ።

የስታዲየም ሠፈር፦
እህቴ፣ ልክ ነሽ። ቅዳሜ ማናችንም አላነሳነውም። «ባለው እንብቃቃ» ያልኩትን በግማሽ እመልሳለሁ። ጋሼ፣ እርስዎ ቢወስኑ ምን ያደርጋሉ?

ጡረተኛው መካኒክ፦
እኔ ብወስን ቦሌ ላይ ለድንገተኛው የሚሆን አንድ ቦታ አስቀራለሁ። በሩ ለጅራት የተቀደደ፣ ክፍተቱ በመጋረጃ የሚዘጋ ይሁን። አካሉ ላይ የሚለጠፍ ሥራ ሲኖር ያን ክፍል ብቻ ሸፍነህ ታሞቀዋለህ። የሚበቃው ለዚያ ነው፤ ከባድ ፍተሻ እዚያ አይሞከር።

ከባዱ ቢሾፍቱ ይሂድ። ግን የፒያሳው ልጄ እንዳለው ወርክሾፑና መጋዘኑ አብረው ይሂዱ። የማታ ፈረቃ እህቴ ያለችው ደግሞ ከሁሉ ይቅደም። እኔ የደከመ ልጅ ጅራት ሥር ቆሞ አይቻለሁ።

የስታዲየሙ ልጄ፣ ሐሳብ የሚሰጥበት ስብሰባ ካገኘህ አንድ ጥያቄ ያዝልኝ። «በሩ ስንት ሜትር ነው?» ብለህ አትጠይቅ፤ እሱን ሁሉም ይመልስልሃል። «777-9 ክንፉን ዘርግቶ፣ ክሪክ ላይ ቆሞ፣ ጎማው መሬት ለቆ፣ ከጅራቱ ጫፍ እስከ ክሬኑ ስንት ሜትር ይቀራል?» በላቸው። መልሱን እዚህ አምጣልኝ።

የስታዲየም ሠፈር፦
ጽፌዋለሁ ጋሼ።