የሙላቱን አዲስ አልበም በባለ አራት ሳጥን የካርቱን ሥዕል ውስጥ እንዴት ላስገባው?

ደንገል
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ባሕር ዳር ለምትወጣ አንዲት ትንሽ ጋዜጣ ካርቱን እሥላለሁ። ባለ አራት ሳጥን፣ ጥቁርና ነጭ። ገጸ ባሕርያቱ ሁለት ናቸው፤ በደንገል ታንኳ ከዘጌ እንጨት እያመጡ የሚሸጡ ሽማግሌ፣ እና ስልኳን ከእጇ የማትለይ የልጅ ልጃቸው።

አሁን የጋሽ ሙላቱ አስታጥቄን አልበም ላስገባ ብዬ ሦስት ቀን ሙሉ ወረቀት እየቀደድኩ ነው። በ2025 እ.ኤ.አ. የወጣውን፣ «ሙላቱ ፕሌይስ ሙላቱ» የሚለውን። ሰማንያ ዓመት አልፏቸው የድሮ ሥራዎቻቸውን እንደ አዲስ ተጫውተዋቸዋል፤ ክራሩ፣ ማሲንቆው፣ ዋሽንቱ፣ ከበሮው እሳቸው ከሚጫወቱት ቫይብራፎን (በዘንግ እየተመታ ከሚጮኸው ባለ ብረት ዘንጎች መሣሪያ) ጋር እኩል ነው የሚሰማው። ማታ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብዬ በኢርፎን ስሰማው እንባዬ ይመጣል። ስሥለው ግን ማስታወቂያ ይሆንብኛል። ልጅቷ የአልበሙን ሽፋን ይዛ «አባባ፣ ይሄን ስሙ» ትላለች፣ አለቀ። ረቂቁን ያሳየሁት ጓደኛዬም መጀመሪያ የጠየቀኝ «ስንት ከፈሉህ?» ብሎ ነው። ደግሞስ ሙዚቃ በምን ይሣላል? ኖታ አየር ላይ መበተን አልፈልግም። ምን ትሉኛላችሁ?

የማታ ራዲዮ
ኖታውን ቶሎ አትጣለው። አሜሪካዊው ቻርልስ ሹልዝ «ፒነትስ» የሚባለውን ካርቱን ከ1950 እስከ 2000 ሠርቷል። እዚያ ውስጥ ሽሮደር የሚባል ልጅ አለ፣ በአሻንጉሊት ፒያኖ ቤትሆቨንን የሚጫወት። ከራሱ በላይ የሚታየው ኖታ ዝም ብሎ ማስዋቢያ አይደለም፣ ከእውነተኛው የቤትሆቨን ሥራ የተገለበጠ ነው። ኖታ ማንበብ የሚችል ሰው ልጁ ምን እየተጫወተ እንደሆነ ያውቃል። ሠዓሊው ሙዚቃውን አክብሮታል ማለት ነው። አንተም ካደረግከው እንደዚያ አድርገው፣ ካልሆነ ይቅር።

የማኅሌት ልጅ
ወንድሜ፣ ለምን ሩቅ ትሄዳለህ? ጀልባ ተሳፈርና ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግባ። የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሳጥን በሳጥን ተከፋፍሎ ታሪክ ይተርካል። ያንተ ሙያ እኮ እዚሁ ሐይቅ ላይ የኖረ ነው።

ከዚያ የቅዱስ ያሬድን ሥዕል አስታውስ። ያሬድ ይዘምራል፣ ንጉሥ ገብረ መስቀል ጦሩን ተደግፎ ያዳምጣል፣ የጦሩ ጫፍ የያሬድን እግር ወግቶት ደሙ ይፈስሳል። ሁለቱም አላወቁም። ልጅ ሆኜ የእናቴን ነጠላ ጫፍ ይዤ ያንን እግር እያየሁ «ምን ዓይነት ዜማ ቢሆን ነው?» እል ነበር። ዜማውን አልሰማሁትም፣ ግን አመንኩት። ሠዓሊው ድምፁን ሊሥል አልሞከረም፣ ድምፁ ሰዎቹን ምን እንዳደረጋቸው ነው የሣለው። ሽማግሌህም መቅዘፊያቸውን ይርሱት።

ካሴት ቤት
እኔ የማልስማማው ልጅቷ «ስሙ» በማለቷ ነው። ማስታወቂያ ያስመሰለብህ እሱ ነው። አባባ እኮ በጉብዝናቸው በሬዲዮ የሰሙት ሙዚቃ ነው፣ ለምን እሷ ታስተዋውቃቸዋለች? ይልቅ እሳቸው ይወቁት።

አልበሙን ለአባቴ ከፍቼለት ነበር። ሲኒውን አፉ ጋ አድርሶ እዚያው ቀረ። ቡናው ቀዘቀዘ። አንድ ቃል ሳይናገር እስከ መጨረሻው ሰምቶ «ማሲንቆው ድሮ አልነበረበትም» አለኝ። እሱ ነው ያንተ ካርቱን።

የአልበሙን ሽፋን ግን ገልብጠህ አትሣል፣ የሌላ ሰው ሥራ ነው።

ደንገል
የማኅሌት ልጅ፣ ያንን ሥዕል ስንቴ አይቼዋለሁ መሰለህ፣ እንዲህ ግን አስቤው አላውቅም። ካሴት ቤት፣ አባትህን በጣም አመስግንልኝ።

እንዲህ ላደርገው ነው። አንደኛው ሳጥን ላይ ልጅቷ አንዱን ኢርፎን ነቅላ አባባ ጆሮ ላይ ታደርጋለች። ሁለተኛው ላይ መቅዘፊያው አየር ላይ ቆሟል፣ አባባ «ሙላቱ ነው» ይላሉ፣ ሌላ ቃል የለም። ሦስተኛው ዝም ያለ ነው። ከመቅዘፊያው ጫፍ ጠብታ ወድቆ ውሃው ላይ ክብ ክብ እየሠራ ይሰፋል። አራተኛው ላይ እንጨት ገዢዋ ከዳር ሆና እጇን እያወዛወዘች ትጣራለች፣ ታንኳው ግን ዞሮ ወደ ዘጌ እየተንሳፈፈ ነው።

ሽፋኑን ትቼዋለሁ። አሁን ያስቸገረኝ የጠብታው ክብ ብቻ ነው፤ በጥቁር ቀለም ሲሆን መስመሩ ይወፍርብኛል። ነገ በጠዋት ሐይቁ ዳር ሄጄ ጠጠር እየወረወርኩ አየዋለሁ።