ከአዳማ መንገድ ሥር ያለውን ባዶ በራዳር ለመፈለግ፦ የጋራ ፕሮፖዛል ውይይት

ሰብሳቢ፦
ጤና ይስጥልኝ አባላት። ረቂቁ ደርሷችኋል። እስከ ዓርብ ሐሳብ ስጡበት። ባጭሩ «የአዳማን መንገዶች በሙሉ በመሬት ውስጥ ራዳር እንፈትሽ፤ ከሥራቸው የተቦረቦሩትን እንለይ» ይላል። ራዳሩ ወደ መሬት ሞገድ ይልካል፤ ከታች ነክቶ የተመለሰውን ይመዘግባል። ለምን እንደተነሳሁ ታውቃላችሁ። ባለፈው ሐምሌ ከዝናብ በኋላ ሰፈራችን ውስጥ የባጃጅ የፊት ጎማ አስፋልቱን በስቶ ገባ። ልጁን እግዜር አተረፈው። ያን ጠዋት እኔው ራሴ በዚያው ላይ አልፌ ነበር። ላዩ ደህና ነበር።

የጂኦሎጂ አባል፦
ጋሼ፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ስፋቱ ግን ከአቅማችን በላይ ነው። ያለነው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ የወንጂ የስንጥቅ ቀበቶ አጠገብ ነው። አፈሩ የእሳተ ገሞራ አመድና ፑሚስ (ቀላል፣ ባለ ቀዳዳ ድንጋይ) የበዛበት፣ ልል ነው። ጎርፍ ስንጥቅ ካገኘ አፈሩን እየጠረገ ወደ ታች ይዞት ይሄዳል። ላይ የሚቀረው ቅርፊቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ጎርፍ የሚወርድበት፣ ስንጥቅም የታየበት አንድ መንገድ እንምረጥ። ለመጀመሪያ 500 ሜትር ይበቃናል።

የፊዚክስ መምህርት፦
በ500 ሜትሩ እስማማለሁ። እኔን የከነከነኝ ግን ገጽ ሁለት ላይ ያለው ነው። «ጠንካራ ነጸብራቅ የታየበት ቦታ ባዶ ነው» ይላል። ይሄ ይውጣ። የብረት ቱቦም ጠንካራ ነጸብራቅ ይሰጣል፣ ውሃ የሞላው ጉድጓድም እንደዚያው። የሚለያቸው የሞገዱ ፌዝ ነው። የመብራት ሠራተኞች ፌዝ ከሚሉት ጋር እንዳይምታታ፦ እዚህ የምለው ሞገዱ ሲመለስ ቁንጮው ቁንጮ ሆኖ ነው የሚመጣው ወይስ ተገልብጦ የሚለውን ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ዳይኤሌክትሪክ፣ ማለትም ቁሱ ሞገዱን ምን ያህል እንደሚያዘገይ የሚያሳየው ቁጥር፣ ለአፈሩ 9 ነው እንበል። የአየር 1፣ የውሃ 81 ገደማ። ስኩዌር ሩታቸው 3፣ 1 እና 9 ነው። የአፈሩን ወስዳችሁ የታችኛውን ቀንሱ፣ ለድምራቸው አካፍሉ። ውጤቱ የሚመለሰው ሞገድ ጉልበት ነው፤ ኔጌቲቭ ከሆነ ተገልብጦ ይመለሳል ማለት ነው። ከአፈር ወደ አየር 0.5 ይሆናል። ከአፈር ወደ ውሃ −0.5። ጉልበታቸው እኩል፣ ምልክታቸው ተቃራኒ! ብረት ደግሞ −1 ነው። ጉልበት ብቻ ያየ ሰው የውሃ ጉድጓዱን ከደረቁ ባዶ አይለይም።

የዳሰሳ ባለሙያ፦
እውነቷን ነው። ግን እስክሪኑ ላይ የሚታየው ጥቁርና ነጭ መስመር ነው። ነጭ፣ ጥቁር፣ ነጭ ሲመጣ የተገለበጠው የቱ ነው? እንደ መሣሪያው አቀማመጥ ይለያያል። ስለዚህ መንገድ ላይ ከመውጣታችን በፊት የምናውቀውን ነገር ቀብረን እንለካ። አንድ ባዶ ጀሪካን፣ አንድ ውሃ የሞላ፣ አንድ የብረት ሳህን።

የፊዚክስ መምህርት፦
ሐሳቡን ወድጄዋለሁ፤ ጀሪካኑ ግን ያንሳል። በ400 ሜጋኸርዝ ራዳር ሞገዱ አየር ውስጥ 75 ሳንቲሜትር ይረዝማል። ከጀሪካኑ አናትና ከታቹ የሚመለሱት ሁለት ሞገዶች ይደራረቡና ምልክቱ ይደበላለቃል። 200 ሊትር የፕላስቲክ በርሜል ይሻላል። እውነተኛ ባዶም ቀጭን ከሆነ ያው ችግር እንደሚገጥመን ፕሮፖዛሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ።

የውሃ መስመር ባለሙያ፦
አንድ ነገር ረስታችኋል። ውሃ የሌለበት የፕላስቲክ ቱቦ አየር ነው። በናንተ ሒሳብ ባዶ ተብሎ ይመዘገባል። አንዴ ብቻ አልፋችሁ አትፍረዱ። በየአንድ ሜትሩ ጎን ለጎን መስመር ሂዱ። ቱቦ ከሆነ በሁሉም መስመር ላይ ተከታትሎ ይመጣል። ባዶው አንድ ሁለት ቦታ ታይቶ ይጠፋል። የቧንቧና የፍሳሽ ካርታ ቀድመን እንጠይቅ።

የዳሰሳ ባለሙያ፦
ተቀብያለሁ። ጊዜውም ጥር ይሁን፣ መሬቱ ደርቆ። እርጥብ ሸክላ ሞገዱን ይውጠዋል። ሞገዱ ያ 9 ባልነው አፈር ውስጥ በናኖሴኮንድ 10 ሳንቲሜትር ይሄዳል። በ40 ናኖሴኮንድ የተመለሰ ነገር 2 ሜትር ላይ አለ ማለት ነው፣ ደርሶ መልስ ስለሆነ። ሌላው፣ በኮምፒውተር የፌዝ ምስል ለብቻው እናውጣ። ሞገዱ ወደ ታች በሄደ ቁጥር ይደክማል፤ የፌዝ ምስል ግን ጉልበቱን ስለማያይ ደካማው መስመር ይወጣል። ጫጫታውም፣ ማለትም የማይረባው ምልክት፣ አብሮ ይወጣል። ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን እናያለን።

የጂኦሎጂ አባል፦
የተጠረጠረው ነጥብ ሁሉ በእጅ መሰርሰሪያ ይረጋገጥ። ያለዚያ ፊርማዬን አላኖርም።

ሰብሳቢ፦
ሁሉንም አስገብቻለሁ። «የአዳማ መንገዶች በሙሉ» የሚለው ወጥቷል። አንድ አንቀጽ ግን እኔ ጨምሬያለሁ፣ እንዳትነኩብኝ። ባዶ ከተገኘ በዚያው ቀን ቦታው ይታጠር፤ ለሰፈሩ ሰውና ለማዘጋጃ ቤት ይነገር። ሪፖርት እስኪጻፍ አንጠብቅም። በዚያ መንገድ ልጆች ትምህርት ቤት ይሄዳሉ።

የፊዚክስ መምህርት፦
ማንም አይነካብዎትም ጋሼ።

የውሃ መስመር ባለሙያ፦
በርሜል ሁለት አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት በጋሪ አመጣቸዋለሁ። የአንዱ ክዳን ያፈስሳል፤ ሲሊኮን ያለው ይዞ ይምጣ።