የጫካ ሞዴል የምታውቁ እስቲ አስረዱኝ

ሚኪ ጅማ፦
ሰላም ሰዎች፣ ማስተርሴን ጅማ እየሰራሁ ነው። በለጠ ጌራ ጫካ ውስጥ 20 በ20 ሜትር ፕሎቶች (የመለኪያ ቁራሽ መሬቶች) አስምሬ የያንዳንዱን ዛፍ ውፍረት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ለክቼ ጨረስኩ፣ ዝናቡና ሳማው ያሳየኝን እኔ ነኝ የማውቀው። አሁን አድቫይዘሬ በዚህ ዳታ ከ100 አመት በኋላ ጫካው ምን እንደሚመስል በኮምፒዩተር ሞዴል አሳየኝ አለኝ። ቆሞ የማየውን ጫካ ላፕቶፕ ውስጥ እንደገና የምተክለው ለምንድነው? ደሞ ማን 100 አመት ቆይቶ ተሳስተሃል ሊለኝ ነው?

ጥላዬ፦
ሃሃ መጨረሻው ላይ ያልካት ጥሩ ናት። ነገሩ ትንቢት አይደለም ወንድሜ። በ1972 (በፈረንጆቹ) ቦትኪን የሚባል የስነ-ምህዳር ተመራማሪ ከሁለት የአይቢኤም (የኮምፒዩተር ኩባንያው) ሰዎች ጋር ጃቦዋ የሚባል ሞዴል አወጣ፣ ለአሜሪካ ጫካ ነው የተሰራው ግን ሀሳቡ አንድ ነው፦ አንድ ትልቅ ዛፍ ሲወድቅ ሰማዩ ይከፈታል፣ ብርሃን መሬት ይደርሳል፣ ብሳና አይነቱ ፈጣኑ ቀድሞ ይነሳል፣ ጥላ የሚችሉት እነ ቀረሮ ደግሞ ቀስ ብለው ከስር ይመጣሉ። ኮምፒዩተሩ በየአመቱ ማን ስንት ብርሃን አገኘ፣ ስንት አደገ፣ ማን ሞተ እያለ ይቆጥራል። ለሞቃት አገር ጫካ የጀርመኖቹን ፎርማይንድ የሚባል ሞዴል እይ፣ እሱም በ20 በ20 ሜትር ቁራሽ ነው የሚሄደው ምክንያቱም የአንድ ትልቅ ዛፍ ቅርንጫፍ የሚሸፍነው ወደዛ ገደማ ነው፣ ስለዚህ ፕሎትህ ገጥሞልሃል። ዝርያውን ሁሉ ለየብቻ እንዳትሞክር ታብዳለህ፣ በብርሃን ፍላጎትና በቁመት በቡድን አድርገው።

አንድ አስተያየት፦
ግን አንዴ ብቻ ነው የለካው እኮ! እድገትና ሞት ከየት ያመጣል? ፓናማ ባሮ ኮሎራዶ ደሴት ላይ 50 ሄክታር ውስጥ 1 ሴንቲሜትር የሞላውን ግንድ ሁሉ ከ1980ዎቹ (በፈረንጆቹ) መጀመሪያ ጀምሮ በየ5 አመቱ ገደማ እየደጋገሙ ይለካሉ፣ ሞዴል የሚያምነው እንደዛ አይነት ዳታ ነው። ሚኪ ቢያንስ ዛፎቹ ላይ ቁጥር መታህባቸው? ካልመታህ ተመለስ። መፈተሻው ደግሞ ቀላል ነው፣ ሞዴሉን ከባዶ መሬት አስነስተህ ጥቂት መቶ አመታት ታስኬደዋለህ፣ ከዛ የቀጭኑና የወፍራሙ ብዛት ከለካኸው ጋር ይቀራረባል ወይ ትላለህ።

ሚኪ ጅማ፦
ቁጥር መትቻለሁ እግዜር ይመስገን። ያልከውን ትናንት ማታ ሞከርኩት፣ ወፍራሞቹ ጥሩ ገጠሙ፣ ቀጫጭኖቹ ግን ሞዴሉ ላይ ብዙ ናቸው እኔ ጋ የሉም። ምኑን ነው ያበላሸሁት?

የጌራ ልጅ፦
ምንም አላበላሸህም። ፕሎትህ ቡና ያለበት ነው አይደል? እኛ ቤት ከለቀማ በፊት በገጀራ ስሩ ይመነጠራል፣ አባቴ የቡናዋን ችግኝ እየለየ ይተዋታል የቀረሮ ልጅ ግን ከአረሙ ጋር ትሄዳለች። አያቴ የሚያውቀው ትልቁ ቀረሮ አሁንም ቆሟል፣ ከስሩ ግን ክንዴን የሚያህል እንኳን የለም። ላፕቶፕህ ውስጥ ገጀራ የያዘ ሰው የለማ!

ጥላዬ፦
ይሄ ከኔ መልስ ይበልጣል። ሚኪ ከቡናው ፕሎት ያልተነካውን ለይና ሁለቴ አስኪደው፣ አንዱን እንዳለ፣ ሌላውን ቀጭኑ በየአመቱ እየተቆረጠ። ጥያቄህም ያኔ ይቀየራል፣ እነዚህ ትልልቆቹ ሲወድቁ ማን ይተካቸዋል የሚለው ነው።

ሚኪ ጅማ፦
የጌራ ልጅ ኢንቦክስ ግባልኝ፣ አባትህን ሰው ሳይመነጥር ስንት አመት እንደሚተወው ልጠይቃቸው።